ከምስል ወደ ሜጋቤክሬል፦ በጋማ ካሜራ ታይሮይድ ውስጥ ያለውን ራዲዮአክቲቭ መጠን አለካክ

የጋማ ካሜራ ምስል ያምራል። ቢራቢሮ የምትመስለው የአንገት እጢ፣ ታይሮይድ፣ ስክሪን ላይ ብቅ ስትል ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። ችግሩ ምስሉ መጠን አለመናገሩ ነው። ደማቅም ደብዛዛም ማድረግ የሚቻለው አንድ ቁልፍ በማዞር ነው። ሐኪሙ ደግሞ የጠየቀው «ከተወጋው ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ውስጥ ስንት በመቶው እዚያ ገባ?» የሚለውን ነው። ይህን የሚመልሱት ብዙዎቻችን ቶሎ የምንጥለው ባዶ ሲሪንጅ፣ በትክክል የተጻፈ ሰዓትና አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ጥልቀት ናቸው።

እዚህ የማሳያችሁ ቴክኒሺየም-99ኤም በሚባለው፣ በደም ሥር በሚወጋ ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት የሚሠራውን የታይሮይድ ልኬት ነው። የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እንቅርት በደጋው አገራችን የቆየ ችግር ነው። ታይሮይድ ደግሞ ከቆዳ ብዙም ሳይርቅ ስለሚገኝ ስሌቱ ለጀማሪ አይከብድም። ይህን የቻለ ሰው ወደ ኩላሊት ሲሄድ ብዙ አይቸገርም።

ካሜራው የሚቆጥረው ምንድን ነው?

ቴክኒሺየም-99ኤም 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ጋማ ጨረር ይለቃል። ጨረሩ መጀመሪያ የሚያገኘው ኮሊሜተሩን ነው። ኮሊሜተር በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ያሉት የእርሳስ ሰሌዳ ነው። የማር እንጀራ አስቡ። (እርሳስ ስል የተማሪውን ሳይሆን ከባዱን ብረት ነው።) ቀጥ ብሎ የመጣው ያልፋል። አግድም የመጣው እርሳሱ ውስጥ ይቀራል።

ያለፈው ጨረር 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ይመታል። እዚያ ብልጭ የምትል ትንሽ ብርሃን ትፈጠራለች። ከክሪስታሉ ጀርባ የተደረደሩት ፎቶመልቲፕላየር ቱቦዎች ብርሃኗን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ። ይበልጥ ብርሃን ያገኘው ቱቦ የት እንዳለ ታይቶ ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ይታወቃል። የሁሉም ቱቦዎች ድምር ደግሞ ጉልበቱን ይናገራል። ይህን ዘዴ ያመጣው ሃል አንገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ካሊፎርኒያ በርክሊ ውስጥ። የመጀመሪያ ካሜራው ሰባት ቱቦ ብቻ ነበረው።

ኮሊሜተሩ ግን በጣም ስስታም ነው። አንድ ሜጋቤክሬል ማለት በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን አተም ይፈርሳል ማለት ነው። በተለመደው የዝቅተኛ ጉልበት ኮሊሜተር ካሜራው ከዚያ ሁሉ የሚቆጥረው በሴኮንድ 90 ገደማ ነው። ከአሥር ሺህ አንድ አካባቢ መሆኑ ነው። ይህ ቁጥር የካሜራው ሴንሲቲቪቲ ይባላል። የራሳችሁን ካሜራ ቁጥር ካላወቃችሁ ቆጠራን ወደ ቤክሬል መለወጥ አትችሉም።

አንደኛ፦ ጠዋት ካሜራውን ፈትሹ

መብራት ሄዶ ከመጣ ይህን ፍተሻ በፍጹም አትዝለሉ። የቱቦዎቹ ቮልቴጅ እስኪረጋጋ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ የ140ው ጫፍ (በጉልበት ግራፉ ላይ ቆጠራው ከፍ የሚልበት ቦታ) ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ጫፉ ሲንሸራተት መስኮቱ፣ ማለትም ካሜራው እንዲቆጥር የተፈቀደለት የጉልበት ክልል፣ ግማሹን ጨረር ውጭ ያስቀራል። ቆጠራው ይወርዳል፤ እናንተ ደግሞ ታይሮይዷ ደከመች ትላላችሁ።

ስለዚህ ትንሽ ቴክኒሺየም ከካሜራው ፊት አስቀምጡና ጫፉ 140 ላይ መሆኑን እዩ። መስኮቱን 20 በመቶ አድርጉት፤ ከ126 እስከ 154 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት ነው። ቀጥሎ የፍለድ ምስል፣ ማለትም ካሜራው በሁሉም ቦታው እኩል መቁጠሩን የሚያሳየውን ምስል፣ አንሱ። ብዙ ቦታ ለዚህ የኮባልት-57 ሰሌዳ ይጠቀማሉ። ጥሩ ነው፤ ግን የኮባልት ጉልበት 122 ስለሆነ መስኮቱ ይቀየራል። ሲጨርሱ ወደ 140 መመለስ የረሱ ሰዎች አይቻለሁ። እኔም አንዱ ነኝ።

በፍለዱ ላይ ክብ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ቱቦ ተበላሽቷል። የተሰነጠቀ መስታወት የሚመስል መስመር ካያችሁ ክሪስታሉ ተጎድቷል፤ ይህኛው የወጪ ዜና ነው። ሶዲየም አዮዳይድ እርጥበትና ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ አይወድም። የክፍሉን ኤሲ ለምሳ ስትወጡ አታጥፉ።

በመጨረሻ ክፍሉ ውስጥ ምንም ሳይኖር አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ባክግራውንዱ ከትናንቱ በጣም ከፍ ካለ የሆነ ቦታ ጠብታ ወድቋል፣ ወይም የተወጋ ሰው ከግድግዳው ጀርባ ተቀምጧል። ሁለተኛው ከምታስቡት በላይ ይደጋገማል። ወንበሩ ይነሳ።

ሁለተኛ፦ ሰዓት

ይህ ለእኛ ብቻ የሚሆን ምክር ነው፤ የውጭ መመሪያ ውስጥ አታገኙትም። ዶዝ ካሊብሬተሩ (ሲሪንጅ ውስጥ ያለውን ራዲዮአክቲቭ መጠን የሚለካው መሣሪያ) እና የካሜራው ኮምፒውተር በፈረንጅ ሰዓት ይሠራሉ። ግድግዳው ላይ ያለውና የእጃችን ሰዓት ግን በእኛ ነው። ልዩነቱ 6 ሰዓት። የቴክኒሺየም-99ኤም ግማሽ ዕድሜስ (መጠኑ በግማሽ የሚወርድበት ጊዜ)? 6 ሰዓት!

ስለዚህ አንዱ 3:00 ብሎ ሲጽፍ ሌላው 9:00 ብሎ ካነበበው ውጤቱ በትክክል እጥፍ ወይም ግማሽ ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቁጥሩ እብድ አለመምሰሉ ነው። 1.5 የነበረው 3 ቢሆን ማንም አይደነግጥም። መፍትሔው ቀላል ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ይኑር፤ እሱም ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ይሁን። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን በለመድነው በእኛ ሰዓት ልቀጥል።

ሦስተኛ፦ ሲሪንጁን ሁለት ጊዜ ቁጠሩ

የልኬቱ ልብ እዚህ ነው። በ185 ሜጋቤክሬል (5 ሚሊኪዩሪ) እንሥራ። በድሮው መለኪያ የሚያስቡ ካሉ፣ አንድ ሚሊኪዩሪ 37 ሜጋቤክሬል ነው።

ሲሪንጁን መጀመሪያ ዶዝ ካሊብሬተር ውስጥ ለኩትና መጠኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ወዲያው ከካሜራው ፊት አስቀምጡት። ታማሚዋ በምትነሳበት በዚያው ኮሊሜተርና በዚያው መስኮት አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ካሜራውን ፕላስቲክ አልብሱት፤ ጠብታ ኮሊሜተር ውስጥ ከገባች ቀኑን ሙሉ ትከተላችኋለች።

ርቀቱስ? ቀዳዳዎቹ ትይዩ ከሆኑ በአየር ውስጥ ርቀት ቆጠራውን ብዙም አይቀይረውም። ብዙ ሰው አያምነኝም። ስትርቁ እያንዳንዱ ቀዳዳ የሚያገኘው ይቀንሳል፤ ሲሪንጁን የሚያዩት ቀዳዳዎች ግን ይበዛሉ። ሁለቱ ይካካሳሉ። የሚበላሸው የምስሉ ጥራት ነው። አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ያለው ፒንሆል ኮሊሜተር ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ላይ ርቀት ትንሽ ሲቀየር ቆጠራው ክፉኛ ይቀየራል። ለቆንጆ ምስል ፒንሆል፣ ለልኬት ትይዩ ቀዳዳ።

ከተወጋ በኋላ ባዶውን ሲሪንጅ በዚያው ቦታ መልሳችሁ ቁጠሩ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ቀን ባዶውን በልማድ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣልኩት። ሲሪንጅ በሞላው ሣጥን ውስጥ የትኛው የእሷ እንደሆነ ማን ይለያል? ከዚያ ወዲህ ባዶው ሲሪንጅ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ስሟ የተጻፈበት የእርሳስ መያዣ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

አራተኛ፦ ታማሚዋ

ከመወጋቷ በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። እርጉዝ ናት? ታጠባለች? የምታጠባ ከሆነ መድኃኒቱ ወደ ወተት ስለሚገባ ለስንት ሰዓት እንደምታቋርጥ ሐኪሙ ይወስናል። የታይሮይድ መድኃኒት ትወስዳለች? በቅርብ ሳምንታት አዮዲን ያለው መድኃኒት ተሰጥቷት ሲቲ ስካን ተነስታለች? አዮዲን የጠገበች ታይሮይድ ቴክኒሺየሙን አትቀበልም። ለማይረባ ቁጥር ሰው መውጋት አያስፈልግም፤ ቀጠሮው ይዛወር።

ስለ ጨረራው ከጠየቀች በቀላል ቋንቋ ንገሯት። 185 ሜጋቤክሬል የሚሰጣት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በዓመት የሚያገኘው የዓለም አማካይም ይኸው አካባቢ ነው።

ሲወጋ ወደ ደም ሥር መግባቱን አረጋግጡ። ከደም ሥር ውጭ የፈሰሰ መድኃኒት ክንድ ላይ ይቀራል፤ እናንተ ግን «ገብቷል» ብላችሁ ታሰላላችሁ። ጥርጣሬ ካለ በኋላ የተወጋበትን ቦታም በካሜራው እዩት።

ከዚያ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ታይሮይድ ቴክኒሺየሙን እንደ አዮዲን ትስበዋለች፤ ሆርሞን ግን አትሠራበትም። ስለዚህ ቆይቶ ይወጣል። ዛሬ 20፣ ነገ 35 ደቂቃ ከሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ማወዳደር አይቻልም።

ከምስሉ በፊት ውኃ ትጠጣ። ምራቅ ውስጥም ቴክኒሺየም አለ፤ ጉሮሮ ላይ ከቆየ ታይሮይድ ይመስላል። ነጠላዋን ከአንገቷ ታንሳ፤ ጠብታ ነክቶት ሊሆን ይችላል። የአንገት ሐብልና መስቀል ደግሞ ብረት ናቸውና ጨረር ይጋርዳሉ። እዚህ ላይ ጨዋነት ያስፈልጋል። ክሩ ምንም አያደርግም፤ ማተብ ማስፈታት አያስፈልግም። «እናቴ፣ መስቀልዎን ወደ ጀርባ ላዙረው?» ማለት ይበቃል።

አምስተኛ፦ ምስሉን ማንሳት

ትራስ ከትከሻዋ ሥር አድርጉና አገጯ ቀና ይበል። ካሜራውን አንገቷን ሳይነካ በተቻለ መጠን አቅርቡት። 5 ደቂቃ አንሱ። እየተነሳች አታውራ፣ አትዋጥ። ሰዓቱን ጻፉ፤ ሲጀምርም ሲያበቃም።

ስድስተኛ፦ መክበብ

ኮምፒውተሩ ላይ በታይሮይዷ ዙሪያ መስመር አስምሩ። ጠበቅ አድርጎ መክበብ ያጓጓል፤ የምስሏ ጠርዝ ግን ደብዛዛ ነው፤ ጠበቅ ካደረጋችሁ ከእሷ ቆጠራ ትወስዳላችሁ። ትንሽ ለቀቅ አድርጉት።

ቀጥሎ ባክግራውንድ። አንገት ውስጥ ደም አለ፣ ሥጋ አለ፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቴክኒሺየም ይዟል። ከታይሮይዷ በታች ወይም ጎን፣ ከምራቅ እጢዎች ራቅ ያለ ሌላ ክብ አስምሩ። ይህን የሚዘል ሰው ምን እንደሚያጣ አሁን በቁጥር እናያለን።

ሰባተኛ፦ ስሌቱ

ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተዘጋጁ ናቸው፤ መጠናቸው ግን በሥራ ላይ የምታገኙት ዓይነት ነው።

ሙሉው ሲሪንጅ በ3:00 ሰዓት፦ በአንድ ደቂቃ 987,000
ባዶው ሲሪንጅ፦ በአንድ ደቂቃ 21,000
መርፌው፦ 3:07
ምስሉ፦ ከ3:27 እስከ 3:32
ታይሮይድ፦ በ5 ደቂቃ 96,500፣ ክቡ 820 ፒክስል
ባክግራውንድ፦ በ5 ደቂቃ 14,000፣ ክቡ 410 ፒክስል

የገባው መጠን 987,000 ሲቀነስ 21,000፣ ማለትም 966,000 ነው። የክፍሉ ባክግራውንድ ሁለቱም ውስጥ ስላለ በመቀነሱ ራሱ ይጠፋል።

ከሙሉው ሲሪንጅ ቆጠራ እስከ ምስሉ አጋማሽ 30 ደቂቃ ገደማ አለፈ። በዚህ ጊዜ ቴክኒሺየሙ ወደ 0.944 ወርዷል። 966,000 በዚህ ሲባዛ 911,900 ይሆናል። ሁሉም ታይሮይድ ውስጥ ገብቶ ቢሆን በደቂቃ የምንቆጥረው ይህን ነበር።

አሁን ታይሮይዷ። የባክግራውንዱ ክብ ግማሽ ስፋት ስላለው በ2 እናባዛዋለን፤ 28,000። ከ96,500 ሲቀነስ 68,500 ቀረ። ለ5 ሲካፈል በደቂቃ 13,700 ነው። 13,700 ለ911,900 ሲካፈል 1.5 በመቶ።

አሁን ስህተት እንሥራ። ባዶውን ሲሪንጅ ከረሳን 1.47 ይሆናል። የ30 ደቂቃውን መቀነስ ከረሳን 1.42። ባክግራውንዱን ካልቀነስን ግን 2.1 በመቶ ይመጣል። የባዶው ሲሪንጅ ስህተት እዚህ ትንሽ የሆነው መርፌው በደንብ ስለገባ ነው። ሲሪንጁ ውስጥ ሩብ ያህል የሚቀርባቸው ቀናት አሉ፤ የትኛው ቀን እንደሆነ ደግሞ ሳይቆጥሩ አይታወቅም።

ስምንተኛ፦ ጥልቀት፣ ከዚያም ቤክሬል

ሲሪንጁ የተቆጠረው አየር ላይ ነው። ታይሮይዷ ግን ከሥጋ በታች ናት። የ140ው ጨረር በሥጋ ውስጥ በአንድ ሴንቲሜትር 11.3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ መስኮቱ ውስጥ የሚገባውን ተበታትኖ የመጣ ጨረር ጨምሮ ማለቴ ነው። የእጢዋ መሐል 2 ሴንቲሜትር ላይ ከሆነ ካሜራው ጋ የሚደርሰው 0.787 ብቻ ነው። 13,700 ለ0.787 ሲካፈል 17,400 ገደማ። አሁን መቶኛው 1.9 ሆነ።

ቤክሬሉም ከዚሁ ይወጣል። ሙሉው ሲሪንጅ 987,000 በደቂቃ፣ በሴኮንድ 16,450 ነው። ለ185 ሲካፈል በሜጋቤክሬል 88.9 ቆጠራ። የካሜራችሁ ሴንሲቲቪቲ ይኸው። የታይሮይዷ 17,400 በሴኮንድ 290 ነው። ለ88.9 አካፍሉት፤ 3.3 ሜጋቤክሬል። ምስሉ ሲነሳ ታይሮይዷ ውስጥ በየሴኮንዱ 3.3 ሚሊዮን አተም እየፈረሰ ነበር።

ስንት ይታመናል? የቆጠራው የራሱ መዋዠቅ እዚህ 0.6 በመቶ አይሞላም። ጥልቀቱን በአንድ ሴንቲሜትር ከሳትን ግን ከ10 በመቶ በላይ እንስታለን። ስለዚህ ታማሚዋን 5 ደቂቃ የነበረውን 15 አድርጎ ማሰቃየት ከንቱ ነው። ያንን ጊዜ ለአልትራሳውንድ ስጡት፤ ጥልቀቱን በደቂቃ ይነግራችኋል። ትልቅ እንቅርት ላይ ይህ ግዴታ ነው፤ ከፊሉ ከደረት አጥንት ኋላ ይወርዳልና። አልትራሳውንድ ከሌለ ሲሪንጁን አንገት በሚመስል የፕላስቲክ ሞዴል ውስጥ አስገብቶ መቁጠር ሌላው መንገድ ነው።

ቁጥሩን ስትሰጡ

በብዙ ቦታ የጤነኛ ሰው ልክ ተብሎ የሚጻፈው ከ0.3 ወይም 0.5 እስከ 3 ወይም 4 በመቶ ነው። ይህን ከውጭ መጽሐፍ ገልብጦ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይመከርም። የሰዉ ምግብ ውስጥ ያለው አዮዲን ይለያያል። አዮዲን ያጣች ታይሮይድ ያገኘችውን ሁሉ ትሻማለች፤ ጨው ውስጥ አዮዲን ሲጨመር ልኩ ይወርዳል። በዚያ ላይ ጥልቀት የሚያስተካክልና የማያስተካክል ክፍል ልካቸው አንድ ሊሆን አይችልም፤ አሁን 1.5 እና 1.9 ከአንድ ሰው ሲወጡ አይተናል። ታይሮይድ ከልክ በላይ እንድትሠራ በሚያደርገው የግሬቭስ በሽታ ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ የታይሮይድ ብግነት ላይ ዜሮ ሊጠጋ ይችላል። ፍርዱ የሐኪሙ ነው።

ሪፖርቱ ላይ መቶኛውን ብቻ አትጻፉ። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «ቴክኒሺየም-99ኤም፣ ሲሪንጁ ውስጥ 185 ሜጋቤክሬል፣ ከመርፌው በኋላ በ20 ደቂቃ፣ ትይዩ ቀዳዳ ኮሊሜተር፣ ባክግራውንድ ተቀንሷል፣ በአልትራሳውንድ 2 ሴንቲሜትር ጥልቀት ተስተካክሏል፦ 1.9 በመቶ።» ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ሌላ ሰው ተረኛ ቢሆንም በዚያው መንገድ ይለካታል። ሰዓቱንም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩበት።